ከጆርናሉ ጀርባ ያለው ሥራ እንዴት ይመዘን?

የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም የማንሳቱ ሥራ የተጀመረው በ1973 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የፊልሙ አንድ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፣ ሌላው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ኮሌጅቪል በምትባል ቦታ ወደሚገኝ የብራና ቤተ መጻሕፍት ሄደ። እዚያ ተቀምጠው ፊልሙን ካታሎግ ካደረጉት ሊቃውንት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። የአንድ ብራና መግለጫ ለመጻፍ መጽሐፉ የየትኛው ገዳም ወይም ደብር እንደሆነ፣ ስንት ቅጠልና ስንት ዓምድ እንዳለው፣ ዓመቱ ካልተጻፈበት ደግሞ ከፊደሉ አጣጣል በማን ዘመነ መንግሥት እንደተገለበጠ ማጣራት ያስፈልጋል። ማን እንደጻፈውና ማን እንዳስጻፈው፣ በባዶው ገጽ ላይ የገባው የርስት ወይም የስጦታ ማስታወሻ ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ይመዘገባል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ሺህ ብራናዎች መግለጫ በአሥር ቅጽ ታትሟል። ፕሮፌሰሩ በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ይህን የመሰለ ካታሎግ ዛሬ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የማዕረግ እድገት ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ ስንት ነጥብ ያገኛል? ጥያቄው እንዲህ ሲነሣ መልሱን አዝሎ የመጣ ስለሚመስል ረገብ ማድረግ ይገባል። ጌታቸው ኃይሌ ከካታሎጉ ጎን በርካታ የጥናት ጽሑፎችንና የግዕዝ ድርሳናትን ከነትርጉማቸው ያሳተሙ ሰው ነበሩ፤ በተለመደው መስፈርት ቢመዘኑም የሚወድቁ አልነበሩም። ካታሎግ የተባለ ሁሉም የእርሳቸውን ያህል የተደከመበት አይደለም። ቢሆንም የዩኒቨርሲቲን ምርምር በሚመዝኑና በሚመዘኑ ሰዎች መካከል ለዓመታት የቆየውን ክርክር ለማየት መነሻ ይሆነናል። አንዱ ወገን ምዘናው ጆርናል ላይ የወጣን ጽሑፍ ብቻ እያየ ሶፍትዌሩን፣ የመረጃ ስብስቡን፣ ካታሎጉን፣ ዐውደ ርእዩን፣ እንዲሁም እነዚህን የሚሠሩትን ሰዎች ይዘላል ይላል። ሌላው ወገን፣ የተፈተነና የሚቆጠር መለኪያን አላልቶ በየሰዉ አስተያየት መተካት አደጋ አለው ይላል። ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው።

ክርክሩ በግልጽ የሚታየው ብሪታንያ ውስጥ ነው። እዚያ ከ1986 ጀምሮ የዩኒቨርሲቲዎች ምርምር በየጥቂት ዓመቱ በአገር ደረጃ ይመዘናል፤ የአሁኑ ሥርዓት የምርምር ልቀት ማዕቀፍ፣ በእንግሊዝኛው ምሕጻር ሬፍ ይባላል። በ2021ዱ ዙር 157 ተቋማት ከ185 ሺህ በላይ የምርምር ውጤቶችን አቅርበዋል። እያንዳንዱ ሥራ በባለሙያዎች እየታየ እስከ አራት ኮከብ ይሰጠዋል፤ በውጤቱ መሠረትም በዓመት ሁለት ቢሊዮን ፓውንድ ገደማ ይከፋፈላል። ደንቡ ጆርናል ብቻ ይቅረብ አይልም። ሶፍትዌር፣ የመረጃ ስብስብ፣ ዐውደ ርእይ፣ የመድረክ ሥራ፣ ዲዛይን፣ ፓተንት ሁሉ ይፈቀዳል። ይሁንና ከቀረበው መካከል ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው የጆርናል ጽሑፍ፣ መጽሐፍና የመጽሐፍ ምዕራፍ ነው።

እንግዲህ በሩን የዘጋው ደንቡ አይደለም። የትኛው ሥራ ይቅረብ የሚለውን የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ራሱ ነው። ለምርጫው የተቀመጠው የትምህርት ክፍል ኃላፊ ገንዘብ እንዳይጎድልበት የሚፈራ ሰው ነው። አንድ ጥሩ የጆርናል ጽሑፍና አንድ ጥሩ ሶፍትዌር ቢቀርቡለት፣ ገምጋሚዎቹ እንዴት እንደሚያዩት የሚያውቀውን ይመርጣል። በእርሱ ቦታ ብንሆን አብዛኞቻችን ያንኑ እናደርጋለን። በሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ሳይመን ሄትሪክ የሚመሩት «ስውሩ ሬፍ» ሊባል የሚችል እንቅስቃሴ ይህን ልማድ ለመስበር በ2021 የራሱን ውድድር አዘጋጀ፤ ሬፍ የማያያቸውን የሥራ ዓይነቶችና ሰዎች እየጠራ ዕውቅና ሰጠ። ቀጥሎም ዩኒቨርሲቲዎች በሚቀጥለው ዙር ከሚያቀርቡት ቢያንስ አምስት በመቶው ከተለመደው ውጭ ይሁን ሲል ጠየቀ።

የአምስት በመቶው ሐሳብ ጥንካሬው ልከኝነቱ ላይ ነው። ዘጠና አምስቱን ሳይነካ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ብቻውን ደፍሮ የማይገባበትን ነገር ሁሉም በአንድነት እንዲሞክረው ያደርጋል። ድክመቱም ከዚያው ይመነጫል። ኮታ የተጣለበት ነገር ኮታውን ለመሙላት ሲባል መመረቱ አይቀርም፤ ማንም የማይከፍተው የመረጃ ስብስብ፣ ማንም የማይጭነው ሶፍትዌር ቁጥር ለማሟላት ሊቀርብ ይችላል። የጆርናል ጽሑፍም በዚሁ መንገድ እንደተበላሸ የሚያስታውስ ሰው መጠራጠሩ አይፈረድበትም።

ብሪታንያዎቹ ሰፋ ያለውንም ለውጥ ሞክረውታል። በ2023 በወጣው የቀጣዩ ዙር ንድፍ ለሰው፣ ለባህልና ለሥራ አካባቢ ከጠቅላላው 25 በመቶ ክብደት ተመደበ፤ የምርምር ውጤት ድርሻ በ2021 ከነበረበት 60 ወደ 50 ወረደ። መምህር ተብሎ ያልተቀጠረ ሠራተኛ የሠራውም እንዲቀርብ በር ተከፈተ። ደጋፊዎች ከጀርባ ያለው ሰው በመጨረሻ ታየ አሉ፤ ተቃዋሚዎች የምርምር ልቀት መለኪያ የነበረው ነገር የአስተዳደር ሪፖርት መለኪያ ሊሆን ነው አሉ። በሴፕቴምበር 2025 ዝግጅቱ ለጊዜው እንዲቆም ተደረገ፤ በኋላም የዚያ ክፍል ክብደት ቀነሰ። ከዚህ ተነሥቶ ሐሳቡ ተሸነፈ ማለት የሚቻል አይመስለኝም። የሥራ ባህልን በነጥብ መለካት ሶፍትዌርን በነጥብ ከመለካት እንደሚከብድ ግን አሳይቷል። ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተት ምናልባት የመጀመሪያው ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።

ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎችና የምርምር ገንዘብ ሰጪዎች በ2019 ባወጡት የጋራ ሰነድ ተመራማሪን በጽሑፍ ብዛትና በጆርናል ዝና ብቻ መመዘን እንዲቀር ተስማሙ። በ2021 የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ የጆርናሎችን የተጽዕኖ ቁጥር ከቅጥርና ከእድገት መስፈርቱ እንደሚያወጣ ሲያስታውቅ ከ170 በላይ ምሁራን የተቃውሞ ደብዳቤ ፈረሙ። የጻፉት ለማንበብ የሚገባ ነገር ነው። ቁጥሩ እንከን ቢኖረውም ግልጽ ነው፤ በቦታው የምትተኩት የትረካ ግምገማ ግን ለዕድልና ለገምጋሚው ዝንባሌ ይበልጥ የተጋለጠ ይሆናል፣ ተጎጂውም ጀማሪው ተመራማሪ ነው አሉ። ሌሎች፣ ከእነርሱም መካከል ወጣት ተመራማሪዎች፣ በዚያው ሰሞን በተቃራኒው ጽፈው፣ እኛን የጎዳን ቁጥሩ ራሱ ነው አሉ።

ይህ የኔዘርላንድስ ክርክር እኛ ዘንድ ሲመጣ ክብደቱ ይጨምራል። በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የማዕረግ እድገት የሚጠይቅ መምህር ፋይሉን ሲያደራጅ የማስተማር ውጤቱን፣ ያገለገለባቸውን ኮሚቴዎች፣ የማኅበረሰብ አገልግሎቱን ያያይዛል፤ ወሳኙ ግን ፐብሊኬሽኑ መሆኑን ያውቃል። ስንት ጽሑፍ፣ በየትኛው ጆርናል፣ በስንተኛ ስም? ይህ ቆጠራ ደረቅ ነው፣ አንዳንዴም ግፍ አለበት። ነገር ግን ደረቅነቱ የሚጠብቀው ሰው አለ። ዘመድ የሌለው፣ ከኃላፊው ጋር ቡና የማይጠጣ፣ በቡድንም ሆነ በብሔር መስመር ያልተሰለፈ መምህር ሦስት ጽሑፍ በሚታወቅ ጆርናል ካወጣ፣ ኮሚቴው ቢጠላውም መቁጠር ይገደዳል። ቆጠራውን አንሥተን «የሥራውን ጥልቀትና ፋይዳ አይታችሁ ወስኑ» ስንል የኮሚቴውን ፈቃድ ነው የምናሰፋው። መተማመን በሳሳበት ቤት ይህ ቀላል ስጦታ አይደለም። የቆጠራ ተሟጋቾችን ለውጥ ጠሎች ብሎ ማለፍ የማይገባው ለዚህ ነው። ከእነርሱ መካከል ቀድሞ በሰው ዳኝነት የተጎዱ ብዙ አሉ።

በሌላ በኩል፣ ቆጠራው ራሱ ንጹሕ ሆኖ አልቆየም። ገንዘብ ተከፍሎት ያለ በቂ ግምገማ የሚያትም ጆርናል ገበያው ደርቷል። አንዱን ጥናት ከፋፍሎ ሦስት ጽሑፍ ማድረግ፣ በጽሑፉ ላይ ምንም ያልሠራን አለቃ ስም ማስገባት፣ ወይም «አንተ በእኔ ላይ ግባ፣ እኔ በአንተ» መባባል በግቢው የማይታወቅ ነገር አይደለም። ደሃው መምህር በቆጠራው የሚጠበቀውን ያህል፣ የማሳተሚያ ገንዘብ ያለው በዚያው ቆጠራ ይቀድመዋል። ስለዚህ «የነበረው ይቅር» የሚለውም ወገን ነባሩን እንዳለ ሊከላከለው አይችልም፤ ጆርናሎችን አጣርቶ መዝገብ ማውጣት ያስፈልጋል ሲል እርሱም ወደ ሰው ዳኝነት መግባቱ ነው።

ስለ ሥራው ዓይነት ይህን ያህል ካልን፣ ስለ ሰዎቹ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። አፋር ውስጥ የሚደረገውን የቅሪተ አካል ፍለጋ እንይ። በ1974 ሉሲ በተገኘችበት በሐዳር፣ ከባህል መሥሪያ ቤት ተወክሎ የሄደው ዓለማየሁ አስፋው ከሉሲ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የጥንታዊ ሰው ዘር መንጋጋዎችን አግኝቷል። በ2016 ሚሮ ዶራ በሚባለው ቦታ የ3.8 ሚሊዮን ዓመቱ የራስ ቅል የመጀመሪያ ቁራጭ፣ የላይኛው መንጋጋ፣ የተገኘው በአካባቢው ነዋሪ በዓሊ በረይኖ ዓይን ነው፤ ቀሪውን ዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴና ባልደረቦቻቸው ፈልገው አገጣጠሙት፣ ጥናቱም በ2019 ኔቸር በተባለው ጆርናል ላይ ወጣ። የዓሊ ስም ግኝቱ ሲገለጽ አብሮ ተነግሯል፣ ይህም መልካም ነው። ግን የጥናቱ ደራሲ ይሁን ወይ? እዚህ ላይ አስተዋይ ሰዎች ይለያያሉ። ፀሐይ ሲያዘነብል የአጥንትን ጥላ ከጠጠር ጥላ የሚለይ ዓይን ዕውቀት ነው፤ በዩኒቨርሲቲ የማይሰጥ ዕውቀት። የአጥንቱን ዕድሜ፣ የዝርያውን አመዳደብ፣ ለተቃዋሚው መልስ የሚጽፍና በስሙ የሚጠየቅ ግን ሌላ ሰው ነው።

የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ ለደራሲነት የሚያስቀምጣቸው አራት መስፈርቶች ለዚህ ሁለተኛው ሐሳብ ያደላሉ፦ ለሥራው ተጨባጭ አስተዋጽኦ ማድረግ፣ በጽሑፉ ዝግጅት መሳተፍ፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ለይዘቱ ተጠያቂ መሆን። ከአራቱ አንዱ የጎደለው ምስጋና ውስጥ ይጠቀሳል። መስፈርቱ ምንም ላልሠራ አለቃ በር ይዘጋል፤ በዚያው ቁልፍ ግን ለሃያ ዓመት ናሙና ላዘጋጀ የላብራቶሪ ቴክኒሻንም ይዘጋል። በተቃራኒው ጫፍ ደግሞ የሁሉንም ስም ማስገባት አለ። በ2015 የሂግስ ቅንጣት ክብደትን የለካው፣ ሰርን ከተባለው የአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል የወጣ ጽሑፍ 5,154 ደራሲዎች ነበሩት፤ ከ33 ገጹ የጥናቱ ይዘት ዘጠኝ ገጽ ብቻ ነው፣ ቀሪው የስም ዝርዝርና የመሳሰለው ነው። አማርኛን ጨምሮ በአሥር የአፍሪካ ቋንቋዎች የስም መለያ መረጃ ያዘጋጀው የማሳካኔ ቡድን የ2021 ጽሑፍም መረጃውን በየቋንቋቸው ያዘጋጁትን ጭምር በደራሲነት ያስገባ ስለሆነ ወደ ስድሳ ስም ይዟል። ለእኔ ይህኛው የሚያሳምን ነው፤ አማርኛውን የማያውቅ የኮምፒውተር ሰው ያን መረጃ ሊሠራ አይችልምና። ሆኖም የማዕረግ ኮሚቴ ስድሳ ስም ያለበት ወረቀት ሲያይ «የአንተ የቱ ነው?» ብሎ መጠየቁ ተንኮል አይደለም።

ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሆን ነገር አለ። ከአሥር ዓመት በፊት ገደማ ጀምሮ ብዙ ጆርናሎች አሥራ አራት የሥራ ድርሻዎችን የዘረዘረ ሠንጠረዥ ይጠቀማሉ፦ ሐሳቡን ያመነጨው፣ መረጃውን ያደራጀው፣ ሶፍትዌሩን የጻፈው፣ ገንዘቡን ያመጣው፣ የመጀመሪያውን ረቂቅ የጻፈው እያለ ሰውን ከሥራው ጋር ያገናኛል። ሰዎች ድርሻቸውን ሊያጋንኑ ይችላሉ፤ ይህን ሠንጠረዡ አያስቀረውም። ያም ሆኖ በስም ተራ ላይ ብቻ ከመፍረድ ይሻላል።

የበለጠ የሚያስተምረኝ ግን የቆየ ልማድ ነው፤ የዕፀዋት ተመራማሪዎች ልማድ። ሜዳ ላይ የተቆረጠው ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ተዘርግቶ በእንጨት መጭመቂያ መካከል ይታሰራል፤ እንዳይሻግት ወረቀቱ በየቀኑ ይለወጣል፤ ሲደርቅ በወፍራም ወረቀት ላይ ተሰፍቶ ወይም ተለጥፎ ጥግ ላይ መግለጫ ይደረግበታል። መግለጫው ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የአካባቢው ስሙ፣ ከሁሉም በላይ የሰብሳቢው ስምና የራሱ ተራ ቁጥር ይሰፍራል። ከ1980 እስከ 2009 የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መድበል የቆመው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየምና በውጭ አገር ሄርባሪየሞች ባሉ እንዲህ ባሉ ናሙናዎች ላይ ነው። የሚጠራጠር ሰው ሣጥኑን ከፍቶ፣ ቁጥሩን አንብቦ፣ ተክሉን ማየት ይችላል። ሰብሳቢው ፕሮፌሰርም ይሁን ቴክኒሻን፣ ስሙ ከሥራው ጋር ታስሮ ይኖራል፤ ማንም ደግሞ በዚህ ምክንያት የመድበሉ ደራሲ ነው አላለም። እርግጥ ልማዱ ፍጹም አይደለም። መኪናውን ወንዝ ያሻገረው ሹፌርና የተክሉን ስም የነገረችው ባልቴት በመግለጫው ላይ እምብዛም የሉም።

ከዚህ በመነሣት የማዘነብልበትን ልናገር፤ ሌላው ቢለይ አይገርመኝም። የምርምር ውጤት ዓይነትን ማስፋት ይገባል፣ ግን በኮታ ሳይሆን በምትክነት። እድገት የሚጠይቅ መምህር ከሚፈለጉበት ጽሑፎች አንዱን በካታሎግ፣ በመረጃ ስብስብ፣ በሶፍትዌር ወይም በዐውደ ርእይ መተካት ይፈቀድለት፤ አይገደድ። የሚተካውም ሥራ ሌላ ሰው ሊከፍተውና ሊፈትነው በሚችልበት ቦታ የተቀመጠ፣ ከራሱ ዩኒቨርሲቲ ውጭ ባሉ ሁለት የዘርፉ ሰዎች የታየ ይሁን። ይህ የኮሚቴውን ፈቃድ ያጠብበዋል፤ የቆጠራ ተሟጋቾች የሚፈሩትን በከፊል ይመልሳል። በከፊል ያልኩት፣ የውጭ ገምጋሚም የሚመረጠው በዚያው ኮሚቴ ስለሆነ ነው። አንድ ብቻ መተካቱ ደግሞ ለለውጥ ፈላጊዎች ያንሳቸዋል። ዕድሜውን ሙሉ ካታሎግ ለሚሠራ ሰው በእርግጥ ያንሳል።

ስለ ሰዎቹ ግን ከብዙዎቹ የዕውቅና ተሟጋቾች ጋር ትንሽ እለያለሁ። ለቴክኒሻኑ፣ ለመረጃ አደራጁ፣ ለሄርባሪየሙ ጠባቂ ትልቁ ችግር ስሙ ጆርናል ላይ አለመውጣቱ ብቻ አይመስለኝም። የሚያድግበት መሰላል አጭር ነው፤ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ ወይ ለማስትሬት ይሄዳል ወይ ሥራውን ይለቃል፣ ማሽኑም ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። ብሪታንያ ውስጥ በ2017 የተጀመረው ዩኒቨርሲቲዎች ለቴክኒሻኖቻቸው የሙያ እድገትና ታይነት ቃል የሚገቡበት አሠራር የሚነካው ይህን ነው። በዚህ በኩል የሚነሣው ተቃውሞ የገንዘብ ነው፣ እውነትም አለው፤ አዲስ የደረጃ መሰላል አዲስ በጀት ነው፣ ከ40 በላይ ለሆኑ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ቀላል ድምር አይሆንም። ደራሲነት ገንዘብ አይወጣበትምና ስም መስጠቱ የሚቀለው ለዚህም ሊሆን ይችላል።

ምዘና ራሱ ወጪ ነው። የ2021ዱ ሬፍ 471 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደፈጀ ተገምቷል። ያን ያህል አቅም ላለው አገር እንኳ የሶፍትዌርና የዐውደ ርእይ ገምጋሚ ማብዛት ቀላል አይሆንም። እኛ ዘንድ የአንድ ጽሑፍ ገምጋሚ ለማግኘት ወራት የሚፈጅበት ክፍል ስንት ዓይነት ሥራ ሊያስገመግም ይችላል? ስለዚህ በአገር ደረጃ መመሪያ ከማውጣት በፊት ለዚህ በባሕሪያቸው ቅርብ በሆኑ ጥቂት ክፍሎች፣ ለምሳሌ በሥነ ዕፀዋት፣ በቋንቋና በኮምፒውተር ሳይንስ፣ ለአንድ የእድገት ዙር ቢሞከር ይሻላል። የድርሻ ሠንጠረዡን ግን መጠበቅ አያስፈልግም። ከሚቀጥለው ፋይል ጀምሮ ከእያንዳንዱ ጽሑፍ ጋር አንድ ገጽ ማያያዝ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ተባባሪ ደራሲዎች ሁሉ መፈረም አለባቸው ከተባለም ምንም ያልሠራው አለቃ ከየትኛው ድርሻ ፊት እንደሚፈርም እዚያው ይታያል።